ኦትራንቶ፣ ትራኒ፣ ሲራኩሳ፣ ቼፋሉ ወይስ ሪሚኒ? የኢጣሊያን የባሕር ዳር ከተማ ለሥነ ጥበብና ለታሪክ ስትመርጡ

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ አክስቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ መጡ። ሮምን ላስጎበኛቸው አስቤ ነበር። እርሳቸው ግን ሻንጣቸውን እንኳ ሳይፈቱ ቁርጡን ነገሩኝ፦ «ልጄ፣ ሮምን በቴሌቪዥን ጠግቤያታለሁ። ባሕር ያለበት፣ የጥንት ነገርም ያለበት አንድ ቦታ ውሰጂኝ። አንድ ይበቃኛል።»

«አንድ ይበቃኛል» ማለታቸው ደስ አሰኘኝ። እዚህ አገር በኖርኩባቸው ዓመታት የተቀበልኳቸው እንግዶች አብዛኞቹ የሚፈልጉት ተቃራኒውን ነው። ሰኞ አንድ ከተማ፣ ማክሰኞ ሁለት፣ ረቡዕ በባቡር ሲሮጡ ውለው ማታ ፎቶግራፋቸውን ሲያዩ የትኛው የት እንደሆነ ይጠፋባቸዋል። የኢጣሊያ የባሕር ጠረፍ ከ7,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩም የሮማ፣ የግሪክ፣ ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት የኖርማኖች ወይም የዐረብ እጅ ያረፈበት ከተማ ይገኛል። ሁሉን ላዳርስ ያለ ሰው አንዱንም ሳያይ ይመለሳል። ስለዚህ ምክሬ አንድ ከተማ መርጣችሁ ቢያንስ ሁለት ሌሊት እንድታድሩበት ነው። ለመምረጥም አንድ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ከፊቱ ቆሜ አንድ ሙሉ ሰዓት ባሳልፍ የማይቆጨኝ ነገር የትኛው ነው?

ከዚህ በታች ደጋግሜ የሄድኩባቸውን አምስት ከተሞች አነጻጽራለሁ። ኦትራንቶና ትራኒ በፑሊያ፣ ማለትም በኢጣሊያ ቡት ተረከዝ በኩል፣ አድሪያቲክ ላይ ናቸው። ሲራኩሳና ቼፋሉ ሲሲሊ ውስጥ፣ ሪሚኒ ደግሞ ወደ ሰሜን ከፍ ብላ እዚያው አድሪያቲክ ዳር ትገኛለች። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦትራንቶ፦ ንግሥተ አዜብ ያለችበት ወለል

አክስቴን የወሰድኳቸው ወደ ኦትራንቶ ነው፤ ምርጫውን ደግሜ ብመርጥ ያው ነው። ኦትራንቶ ከኢጣሊያ ከተሞች ሁሉ በስተ ምሥራቅ ጫፍ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ሰማዩ የጠራ ዕለት ከባሕሩ ማዶ የአልባኒያ ተራሮች ይታያሉ። በ1088 የተባረከው ካቴድራሏ ከውጭ ሲታይ ቁጥብ ነው፤ ባለ 16 ጨረሩ ክብ መስኮትና በሩ ካልሆኑ በቀር ዓይን የሚይዝ ጌጥ የለውም። ሀብቱ ያለው መሬት ላይ ነው።

ከ1163 እስከ 1165 ባሉት ዓመታት ጳንታሌዎኔ የሚባል መነኩሴ ወለሉን ከዳር እስከ ዳር በሞዛይክ ሸፈነው። በትናንሽ ባለቀለም ጠጠሮች የተሠራ አንድ ግዙፍ ዛፍ ከመግቢያው በሁለት ዝሆኖች ጀርባ ላይ ተነሥቶ እስከ መሠዊያው ይዘልቃል። በቅርንጫፎቹ መካከል የኖኅ መርከብ ትታነጻለች፣ የባቢሎን ግንብ ይቆማል፣ ታላቁ እስክንድር በሁለት ክንፋም አራዊት ተጎትቶ ወደ ሰማይ ይወጣል፣ የእንግሊዞቹ ንጉሥ አርተርም ቀንዳም እንስሳ ላይ ተቀምጦ ይታያል። አሥራ ሁለቱ ወራት እያንዳንዳቸው በክብ ውስጥ ናቸው፤ በየወሩም አንድ ገበሬ የዚያን ወር ሥራ ይሠራል። ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ወይን ይረግጣል። የአገራችንን የእርሻ ወራት የሚያውቅ ሰው እነዚህን ክቦች ሲያይ መጽሐፍ ማንበብ አያስፈልገውም።

ወደ መሠዊያው ስትቀርቡ ደግሞ ሌሎች ክቦች አሉ። በእነርሱ ውስጥ አዳምና ሔዋን፣ ግመልና ዝሆን፣ ሁለት ጅራት ያላት የባሕር ሴት፣ ቀጥሎም ንጉሥ ሰሎሞን ይታያሉ። አብራም ዘውድ የጫነች ሴት አለች። በላቲን የተጻፈው ስሟ ሬጂና አውስትሪ ይላል፤ የደቡብ ንግሥት ማለት ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ጌታ የጠራት በዚሁ ስም ነው፤ የእኛም መጽሐፍ ንግሥተ አዜብ ይላታል። ያ መነኩሴ ስለ አክሱም የሚያውቀው ነገር ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ከ850 ዓመት በፊት በኢጣሊያ ጫፍ ጠጠር በጠጠር ሲደረድር እኛ ማክዳ የምንላትን ንግሥት ከሰሎሞን ጋር ማስቀመጡ ለእኔ በቂ ነው።

አክስቴ በሩ ላይ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። ጥበቃው ሰውዬ በእጁ እያመለከተ፣ እዚህ አስፈላጊ አይደለም አላቸው። እኔም ተረጎምኩላቸው። «ንገሪው፣ ሥዕል ላይ በጫማ አልቆምም» አሉ። ሰውየውም ፈገግ ብሎ መንገድ ለቀቀላቸው። በነጭ ካልሲያቸው ያንን ቀዝቃዛ ወለል ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብለው ሄዱት፤ ንግሥቲቱ ጋ ሲደርሱ በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። እዚያ ቆመን የቀረነውን ያህል ሌላ ቦታ ላይ ቆመን አናውቅም።

የኦትራንቶ ታሪክ ግን በውበት ብቻ የሚያልፍ አይደለም። በሐምሌ 1480 መጨረሻ ገዲክ አሕመድ ፓሻ የሚመራው የኦቶማን መርከቦች ጦር ከተማዋን ከበባት፤ ነሐሴ 11 ቀን ወደቀች። ከሦስት ቀን በኋላ ከ800 የሚበልጡ ወንዶች ከከተማዋ ውጭ ባለ ኮረብታ ላይ አንገታቸው ተቀላ። የግድያውን ምክንያት የታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም ይከራከሩበታል፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ ትውፊት ሃይማኖታችንን አንለውጥም ስላሉ ነው ይላል። በ2013 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮ ቅዱሳን ብለው አውጀዋቸዋል። አጽማቸው በካቴድራሉ በስተ ቀኝ ባለ ጸሎት ቤት ውስጥ፣ ከመሠዊያው ጀርባ፣ በመስታወት ግድግዳ ውስጥ ተደርድሮ ይታያል። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የራስ ቅሎቹ ብዙ ናቸው፣ ቅርብም ናቸው።

ከካቴድራሉ ሥር ያለውን የዐምዶች ደን የመሰለ ምድር ቤት አትዝለሉት። ዐምዶቹ ከተለያዩ ጥንታዊ ሕንጻዎች የተለቀሙ ናቸው፤ የአንዱ አናት ከሌላው አይመሳሰልም። ከዚያ ጥቂት ደረጃዎች ወጥታችሁ ትንሿን የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ፈልጉ። የቢዛንታይን ዘመን ሥራ ናት፤ በግድግዳዋ ላይ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ ይታያል፣ ጽሑፉም በግሪክ ነው። ጸሎተ ሐሙስን ለሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አይሻም። ከኦቶማን ጦር መውጣት በኋላ አራጎኖች የተባሉት ከስፔን የመጡ ገዥዎች ያነጹት ግንብም አለ፤ እርሱን ግን በግማሽ ሰዓት ጨርሳችሁ ወደ ባሕሩ ብትወርዱ አይጎድልባችሁም።

ድካሙ መድረሱ ላይ ነው። በአውሮፕላን ብሪንዲሲ፣ ከዚያ በባቡር ሌቼ፣ ከሌቼ ደግሞ ማሊዬ ላይ በሚቀየር ትንሽ ባቡር ወይም በአውቶቡስ ይኬዳል። በእሑድና በበዓል ቀን መጓጓዣው ስለሚሳሳ በሥራ ቀን ግቡ።

ትራኒ፦ ባሕር ላይ የቆመ ነጭ ቤተ ክርስቲያን

ሥዕልና ሞዛይክ ብዙ የማይስባችሁ፣ ሕንጻ ግን ልባችሁን የሚነካ ከሆናችሁ ከኦትራንቶ ይልቅ ትራኒ ሂዱ። እንደ ትራኒ ካቴድራል በቦታው ላይ በትክክል የተቀመጠ ሕንጻ አላየሁም። በ1099 የተጀመረ ነው። ከአካባቢው በሚወጣው ነጣ ብሎ ወደ ሮዝ በሚያደላ ድንጋይ ተሠርቶ፣ ከኋላው ምንም ሳይኖር፣ ከውኃው ጥቂት እርምጃ ርቆ ለብቻው ቆሟል። ጠዋት ነጭ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ድንጋዩ የማር መልክ ይይዛል። የደወሉ ማማ ሥሩ በትልቅ ቅስት የተከፈተ ስለሆነ በሥሩ አልፋችሁ ባሕሩን ታያላችሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ ለምን እንደተሠራ ማወቅ ለእኛ ልዩ ትርጉም አለው። ኒቆላዎስ የሚባል ከግሪክ አገር የመጣ ወጣት መስቀል ተሸክሞ በከተሞቹ ጎዳናዎች ሲዞር ሌላ ቃል አልነበረውም፤ ኪርያላይሶን፣ ኪርያላይሶን እያለ ይጮኽ ነበር። ልጆች ይከተሉታል፣ አዋቂዎች እንደ እብድ ይቆጥሩታል። በ1094 ትራኒ ደርሶ እዚያው ዐረፈ፤ ብዙም ሳይቆይ ቅድስናው ታወጀ፤ ይህ ሁሉ ድንጋይ የቆመው በስሙ ነው። በሰሙነ ሕማማት እየሰገደ ኪርያላይሶን ያለ ሰው እዚያ ቆሞ የዚያን ልጅ ድምፅ ሳያስብ አይቀርም።

ውስጡ ባዶ ማለት ይቻላል፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው የቆሙ ዐምዶች፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ብርሃን። ከሥሩ አንዱ በሌላው ላይ የተደራረቡ የቀድሞ አምልኮ ቦታዎች አሉ። የባሪሳኖ ዘ ትራኒ የነሐስ መዝጊያ 32 ክፈፎች አሉት። ባሪሳኖ በ12ኛው መቶ ዘመን የኖረ የዚሁ ከተማ ልጅ ነው። መዝጊያው ከባሕሩ ጨው እንዲጠበቅ ወደ ውስጥ ገብቷል። ቅዱሳኑንና ቀስተኞቹን በቅርበት ለማየት ይህ እንዲያውም ይመቻል።

እስራኤል ላላችሁ አንባቢዎች ትራኒ ሌላም ምክንያት አላት። በመካከለኛው ዘመን አራት ምኵራቦች ነበሯት፤ ሁሉም ከጊዜ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተለወጡ። ከእነርሱ አንዱ ስኮላኖቫ ይባላል፤ በ13ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ሲሆን በእኛ ዘመን ለአይሁድ አምልኮ ተመልሷል። ቅድስት ሐና የተባለው ሌላው አሁን ሙዚየም ነው፤ በ1247 መሠራቱን የሚናገር የዕብራይስጥ ጽሑፍ አለው። ሁለቱም ከወደቡ ጀርባ ባሉት ጠባብ መንገዶች ውስጥ፣ በእግር የአምስት ደቂቃ ርቀት ላይ ናቸው።

ትራኒ ከባሪ በባቡር ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይደረስባታል፤ ለሽማግሌዎችና የሕፃን ጋሪ ለሚገፉ ሰዎች መንገዷ ሜዳ ነው። ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ፍሬደሪክ በ1233 ያስጀመረው ግንብ ከካቴድራሉ አጠገብ ይገኛል። መኪና ከተከራያችሁ ደግሞ እርሱ ራሱ ያሠራውን ባለ ስምንት ማዕዘን ካስቴል ዴል ሞንቴ በአንድ ከሰዓት በኋላ አይታችሁ ትመለሳላችሁ። ለመዋኛ ግን ትራኒን አልመርጥም፤ አሸዋዋ ጥቂት ነው።

ሲራኩሳ፦ ሁሉም ዘመን በአንድ ግድግዳ

ስለ ሲራኩሳ ስጽፍ ራሴን መግታት አለብኝ፤ ለእርሷ ብቻ አንድ መጽሐፍ አይበቃትምና። ቅዱስ ጳውሎስ በሰንሰለት ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድ ሦስት ቀን የተቀመጠባት ከተማ ናት፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 ሰራኩስ ተብላ ተጠቅሳለች። አርኪሜዴስ የኖረውና በ212 ዓመተ ዓለም (ከክርስቶስ ልደት በፊት) ሮማውያን ከተማዋን ሲይዙ የተገደለውም እዚሁ ነው።

አንድ ሰዓት የምትቆሙበት ቦታ በኦርቲጃ ደሴት ላይ ያለው ካቴድራል ነው። ግሪኮች በ480 ዓመተ ዓለም ካርታጎዎችን ሂሜራ ላይ ድል ካደረጉ በኋላ በዚያ ቦታ ለአቴና ቤተ ጣዖት ሠሩ። በ7ኛው መቶ ዘመን ክርስቲያኖች በዐምዶቹ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ በግድግዳ ሞልተው፣ የውስጡንም ግድግዳ በቅስት ቆርጠው ቤተ ክርስቲያን አደረጉት። ዐረቦች በ878 ከተማዋን ሲይዙ መስጊድ ሆነ። ኖርማኖች ደግሞ መልሰው ቤተ ክርስቲያን አደረጉት። የ1693ቱ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ፊቱን ሲያፈርሰው በ18ኛው መቶ ዘመን አንድሪያ ፓልማ የተባለ ንድፍ አውጪ ዛሬ የምናየውን ያጌጠ የባሮክ ፊት ሠራለት። ይህን ሁሉ ለመረዳት አዋቂ መሆን አያስፈልግም፤ በስተ ሰሜን ባለው መንገድ ሂዱና የውጭውን ግድግዳ ተመልከቱ። ወፋፍራም የግሪክ ዐምዶች እንደ ጎድን አጥንት ከድንጋዩ ወጥተው ይታያሉ። ውስጥ ገብታችሁ ደግሞ እጃችሁን አስደግፏቸው። የ2,500 ዓመት ድንጋይ ነው፤ ዛሬም ጣሪያ ተሸክሟል።

ሥዕል ወዳዶች የታላቁን ሠዓሊ የካራቫጆን «የቅድስት ሉቺያ ቀብር» እዚህ ታገኛላችሁ። ከማልታ እስር ቤት አምልጦ በ1608 የሣለው ነው። ከሸራው ግማሽ በላይ ባዶ ጨለማ ግድግዳ ነው፤ ከፊት ሁለት ግዙፍ መቃብር ቆፋሪዎች፣ በመካከላቸው መሬት ላይ የተዘረጋች ትንሽ ሴት። ሥዕሉ ባለፉት ዓመታት ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላ ስለተዛወረ፣ ያለበትን ቦታ በዕለቱ ጠይቃችሁ ሂዱ። የቅድስቲቱ በዓል በታኅሣሥ 13 ይከበራል፤ የብር ሐውልቷ በከተማው ይዞራል። ብርዱን ካልፈራችሁ ያን ቀን ምረጡ።

ከደሴቱ ወጣ ብሎ ከዐለት የተፈለፈለው የግሪክ ቲያትር አለ፤ በጸደይና በበጋ መግቢያ ጥንታዊ የግሪክ ድራማዎች ዛሬም ይታዩበታል። አጠገቡ ያለው የድንጋይ ማውጫ ገደል በ413 ዓመተ ዓለም የተማረኩ የአቴና ወታደሮች በሺዎች የታጎሩበት ነው። «የዲዮኒሲዮስ ጆሮ» የሚባለው ዋሻም እዚያው ይገኛል፤ በሹክሹክታ የተነገረ ቃል ሲያስተጋባ ይሰማል።

አንድ ነገር ግን በመመሪያ መጻሕፍት ውስጥ በሁለት መስመር ስለሚታለፍ ላቆይባችሁ። በኦርቲጃ ዳር፣ ከባሕሩ ጥቂት እርምጃ ላይ፣ አሬቱዛ የምትባል የጣፋጭ ውኃ ምንጭ አለች። በውስጧ የበቀለውን ተክል ሳይ ደነገጥኩ፤ ደንገል ነው። የጣና ሰዎች ታንኳ የሚሠሩበት ያው ደንገል፣ ግብጾች ወረቀት ያደረጉት። በአውሮፓ እንደዚህ በተፈጥሮ የሚበቅልበት ቦታ ማግኘት ብርቅ ነው፤ ከከተማው ደቡብ ባለው የቻኔ ወንዝ ዳርም ሞልቷል። በባሕር ዳር ያደገ ሰው ይዛችሁ ከሄዳችሁ ከዚያች ምንጭ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ፈልጉለት።

የሲራኩሳ ችግር ብዛቷ ነው። ሁለት ቀን አይበቃትም፤ ሦስት ሙሉ ቀን ከሌላችሁ ለሌላ ጊዜ አቆዩአት። ቲያትሩ ያለበት ሥፍራም ጥላ የለውምና በሐምሌ ቀትር አትሞክሩት።

ቼፋሉ፦ አኃዜ ኵሉ

ከፓሌርሞ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው። ዳግማዊ ሩጀሮ የሚባለው የኖርማን ንጉሥ በ1131 ያስጀመረው ካቴድራል በትልቅ ዐለት ሥር፣ በሁለት ማማዎች መካከል ቆሟል። ከ2015 ጀምሮ ከፓሌርሞና ከሞንሪያሌ ሕንጻዎች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ነው። በመቅደሱ ጉልላት ላይ፣ ከ1148 ጀምሮ፣ ክርስቶስ በወርቅ ሞዛይክ መካከል ሆኖ ይባርካል። በግራ እጁ የያዘው መጽሐፍ «እኔ የዓለም ብርሃን ነኝ» የሚለውን ቃል በአንዱ ገጽ በግሪክ፣ በሌላው በላቲን ያሳያል። ግሪኮች ፓንቶክራቶር የሚሉትን የእኛ አባቶች በግዕዝ አኃዜ ኵሉ ይሉታል። ብዙ እንዲህ ያሉ ሥዕሎች አይቻለሁ። የቼፋሉው ፊት ግን ፈራጅ ብቻ አይደለም፤ ያዝናል። ግንባሩ ላይ የወረደችውን ጥቂት ጠጕር ተመልከቱ።

ከዚህ ሌላ በማንድራሊስካ ሙዚየም ያለው የአንቶኔሎ ዳ መሲና «ያልታወቀ ሰው ምስል» አለ። ከደብተር ብዙም የማይበልጥ ሥዕል ነው፤ የሰውየው ፈገግታ አንዲትን ልጅ አበሳጭቷት ፊቱን ቧጠጠችው ተብሎ ይተረካል፤ ጭረቱ ጠጋ ብላችሁ ስታዩ አለ። ቼፋሉ በአንድ ጠዋት ሊያልቅ የሚችል ጥበብና በከተማው እግር ሥር የሚጀምር ጥሩ አሸዋ ስላላት ትንንሽ ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች ከአምስቱ የመጀመሪያ ምርጫዬ ናት። ጉልበት ያለው ደግሞ ዐለቱ ላይ ይውጣ፤ ከፍታው 270 ሜትር ገደማ ነው፣ ጥሩ ጫማና ውኃ ይፈልጋል።

ሪሚኒ፦ ሰው የማያውቃት

ሪሚኒ ስትባል ኢጣሊያኖች ራሳቸው የሚያስቡት ዣንጥላ የተደረደረበትን ረጅም አሸዋ ነው። ታሪኳን አለማስተዋላቸው ያሳዝነኛል። በ27 ዓመተ ዓለም የቆመው የአውግስጦስ ቅስት በአንደኛው የከተማው ጫፍ፣ ከ14 እስከ 21 ዓመተ ምሕረት የተሠራው ባለ አምስት ቅስት የጢባርዮስ ድልድይ በሌላው ጫፍ ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ድብደባ ከተማዋ ስትፈራርስ ድልድዩ አልወደቀም። በሁለቱ መካከል በቀጥታ የሚወስደው መንገድ የሮማውያን ዋና ጎዳና ነበር፤ በሃያ ደቂቃ ትጨርሱታላችሁ።

በዚህ መንገድ አቅራቢያ ያለው ቴምፒዮ ማላቴስቲያኖ ነው ሪሚኒን ለሕንጻ ወዳዶች የማይታለፍ የሚያደርጋት። የከተማው ገዥ ሲጂስሞንዶ ማላቴስታ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ነበረው። በ1450 ገደማ ሊዮን ባቲስታ አልቤርቲ የተባለውን ንድፍ አውጪ ጠርቶ ያንን ቤተ ክርስቲያን በእብነ በረድ እንደ ልብስ አስለበሰው። አልቤርቲ የፊቱን መልክ የወሰደው ከአውግስጦስ ቅስት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቅስቱን አይታችሁ፣ ከዚያ ወደ ቴምፒዮው ብትሄዱ የአንድ ሰው ሐሳብ ከ1,400 ከሚበልጡ ዓመታት በኋላ እንዴት እንደገና እንደተወለደ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ሥራው ሳያልቅ ቀርቷል፤ የላይኛው ክፍል ጎደሎ ነው። ውስጥ የጆቶ ስቅለትና በ1451 የተሣለው የፒየሮ ዴላ ፍራንቼስካ የግድግዳ ሥዕል አሉ። በውጭው ጎን በቅስቶቹ ሥር ካሉት የድንጋይ ሣጥኖች በአንዱ ያረፈው ፕሌቶን የተባለው የቢዛንታይን ፈላስፋ ነው። የአብያተ ክርስቲያናትን አንድነት ለመመለስ በተጠራው በፌራራና በፍሎረንስ ጉባኤ ተገኝቶ ነበር። እርሱ ከሄደ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1441፣ ከኢየሩሳሌም የመጡ የኢትዮጵያ መነኮሳትም በዚያው ጉባኤ ፍሎረንስ ገቡ።

ሐኪም ወይም ነርስ የሆናችሁ ሁሉ የቀዶ ሐኪሙን ቤት እዩ። በ3ኛው መቶ ዘመን በእሳት የወደመ የሮማ ዘመን ቤት ሲሆን ከ150 በላይ የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች ተገኝተውበታል። መሣሪያዎቹ አጠገቡ ባለው የከተማው ሙዚየም ይታያሉ፤ ወረንጦዎቹን ያየ ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ ሰው ወዲያው ያውቃቸዋል።

ሪሚኒ ከቦሎኛ በባቡር ቅርብ ናት፣ ሆቴሏም ብዙ ስለሆነ ከወቅቱ ውጭ ዋጋው ይቀላል። ለራቬና ሞዛይኮችም በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው።

ስለ መብልና ስለ ሰዓት

በነሐሴ የሚጓዝ ሰው ብዙ ጊዜ ፍልሰታን ይዞ ነው የሚጓዘው። ለጾመኛ ፑሊያ ትቀድማለች። ደረቅ ባቄላ ተከክቶ፣ ተቀቅሎ፣ እንደ ወፍራም ሽሮ ይላቀጣል፤ ጎኑ የተቀቀለ የዱር ቅጠል ይቀመጣል፤ ከላይ የወይራ ዘይት ይፈስበታል። አክስቴ ሁለት ቀን ተከታትለው በልተውታል፤ ቃሪያ ብቻ ነው የጎደለው አሉ። በሲሲሊ ከሽምብራ ዱቄት የሚጠበስ ቂጣ በዳቦ ይሸጣል፤ ይህም ይጾማል። ሪሚኒ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ፒያዲና የሚባለው ታዋቂ ቂጣቸው በልማድ የሚቦካው በአሳማ ስብ ነው። በወይራ ዘይት የተሠራም አለና ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። ይህ ሙስሊም አንባቢዎቼንም ይመለከታል።

አብያተ ክርስቲያናቱ ብዙዎቹ እኩለ ቀን ላይ ተዘግተው ከሰዓት በኋላ ዘግይተው ይከፈታሉ። ይህን ባለማሰቤ አንድ ጊዜ እንግዳ ይዤ በአንዲት ከተማ በተዘጋ በር ፊት ሦስት ሰዓት በጠራራ ፀሐይ ጠብቄአለሁ። ጠዋቱን ለቤተ ክርስቲያን፣ ቀትሩን ለምሳና ለእረፍት፣ ማታውን ለወደብና ለግንብ መድቡ። ትከሻን መሸፈን ግዴታ ነው፤ ነጠላ ያላት ሴት አትቸገርም።

ከአምስቱ ውጭ አንድ ስም ላንሳ፤ ፖንዛ። ከሮም በስተ ደቡብ ያለች ደሴት ናት፤ ከፎርሚያ ወይም ከአንዚዮ በጀልባ ይኬዳል። በሥነ ጥበብ ከእነዚህ ጋር አትወዳደርም። ነገር ግን ልዑል ራስ ዕምሩ ኃይለ ሥላሴ በ1936 መጨረሻ ከተማረኩ በኋላ በግዞት የቆዩት እዚያ ነው። በሐምሌ 1943 ሞሶሊኒ ራሱ ከሥልጣን ወርዶ ሲያዝ ለጥቂት ቀናት የታሰረባት ደሴት እርሷ ነበረች። ወደ ሮም የምትመጡና አንድ ትርፍ ቀን ያላችሁ ሰዎች፣ የወደቡን ቀለማም ቤቶች እያያችሁ ይህን አስቡ።

እንግዲህ እንዲህ ነው የምከፍለው። ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ያለው ታሪክ ወዳድ ሲራኩሳ ይሂድ። ልጆች ያሉት ቼፋሉን ይያዝ። በቦሎኛ በኩል የሚያልፍና ገንዘብ የሚቆጥብ ሪሚኒን ይምረጥ። ዝምታ የሚፈልግ፣ ሐዘን ያለበት፣ ወይም ሕንጻ ማየት የሚወድ ሰው ትራኒ ሁለት ማታ ይደር፤ ፀሐይ ስትጠልቅ በካቴድራሉ ጀርባ ባለው የባሕር ግንብ ላይ ይቀመጥ። እናታችሁን ወይም አክስታችሁን የምታስጎበኙ ከሆነ ግን ወደ ኦትራንቶ ውሰዷቸው። ጫማቸውን ማውለቃቸው አይቀርም፤ ወፍራም ካልሲ ያዙላቸው።